«ላ ዐድዋ»፦ ስለ በሽታ መጋባት የተካሄደው የዑለማእ ክርክርና የዘመናችን አነባበብ

በእስላማዊ የእውቀት ታሪክ ውስጥ ሐኪሙን፣ ሙሐዲሡን፣ ፈቂሁንና ተራውን ሕዝብ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ያሰባሰቡ ጥያቄዎች ብዙ አይደሉም። «በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው ይጋባልን?» የሚለው ጥያቄ ከእነዚህ አንዱ ነው። በአንድ ወገን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተላለፈው ሰሒሕ ሐዲሥ አለ፤ በሌላ ወገን ዓይን የሚያየው የበሽተኛ ቤት አለ፤ በመካከላቸው ደግሞ የታመመውን የመጠየቅ፣ የማስታመምና የሞተውን አጥቦ የመቅበር ግዴታ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ የመስጊዶችን በር ባዘጋ ጊዜ ይኸው ጥያቄ ዳግመኛ ተነሣ። አሮጌዎቹ ድርሳናት ከመደርደሪያ ወረዱ፤ በየአንደበቱም ተጠቀሱ። ሆኖም የተጠቀሱት ሁሉ ተነበዋል ማለት አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ የምንተቸው ሁለት የተለመዱ አነባበቦችን ነው። የመጀመሪያው «የታፈነው ሳይንቲስት» ትረካ ልንለው የምንችለው ነው። በዚህ ትረካ መሠረት ዑለማእ የሐዲሡን ቃል ይዘው የዓይንን ምስክርነት ካዱ፤ ከግራናዳ የተነሣ አንድ ደፋር ሐኪም ብቻ እውነቱን ተናገረ፤ ስለ ተናገረውም ሕይወቱን ከፈለ። ሁለተኛው የመከላከያ ትረካ ነው። በእርሱ መሠረት ደግሞ ሙስሊም ሊቃውንት ሁሉ የበሽታን መጋባት ከዘመናዊው ሕክምና ቀድመው አውቀውና ተስማምተውበት ነበር። ሁለቱ ትረካዎች ተቃራኒ ይመስላሉ። በእኛ እይታ ግን አንድ ጉድለት ይጋራሉ፦ ሁለቱም የጥንቱን ክርክር የሚመዝኑት ዛሬ በምናውቀው መልስ ብቻ ነው፤ ተከራካሪዎቹ በምን ማስረጃ ላይ እንደ ቆሙ አይጠይቁም።

፩. የክርክሩ መነሻ

የጉዳዩ ሥር በሰሒሕ አል-ቡኻሪና በሰሒሕ ሙስሊም የተዘገቡ ሐዲሦች ናቸው። በአንዱ ሐዲሥ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) «ዐድዋ» የሚባል ነገር እንደሌለ ይናገራሉ፤ ከእርሱም ጋር የመሃይምነት ዘመን ዐረቦች ያምኑባቸው የነበሩትን የገድ ምልክቶች አብረው ውድቅ ያደርጋሉ። አንድ የገጠር ሰው በአሸዋ ላይ እንደ ሚዳቋ የጠሩት ግመሎቹ አንዲት እከካም ግመል ስትቀላቀላቸው ሁሉም እንደሚታመሙ ጠቅሶ ሲጠይቃቸው፣ የመጀመሪያዋን ግመል ማን እንዳጋባባት መልሰው ጠየቁት። በሌላ ሐዲሥ ደግሞ የታመሙ ግመሎች ባለቤት ከጤነኞቹ ጋር እንዳያቀላቅል ከልክለዋል። በሦስተኛው ከሥጋ ደዌ በሽተኛ፣ ሰው ከአንበሳ እንደሚሸሽ መሸሽ ታዝዟል። በአራተኛው ጧዑን ወደ ገባበት አገር እንዳይገባ፣ ከገባበት አገርም በሽሽት እንዳይወጣ ተደንግጓል።

በእነዚህ ሐዲሦች መካከል ያለውን ውጥረት ቀድመው ያስተዋሉት ራሳቸው አስተላላፊዎቹ ናቸው። በሰሒሕ ሙስሊም እንደ ተዘገበው አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) ሁለቱንም ሐዲሦች ያስተላልፉ ነበር፤ ኋላ ግን ስለ ዐድዋ አለመኖር የሚናገረውን ተዉ፤ የተማሪዎች ጥያቄም ከዚህ ዝምታ ተነሣ። ስለዚህ ሐዲሦቹን ማስታረቅ ኋላ ዘመን ሳይንስ ያስገደደው ሥራ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ትውልድ የጀመረ ነው።

ከሐዲሦቹ ጎን የሚቆመው ሁለተኛው መሠረት የኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። ወደ ሻም ሲጓዙ በድንበር አካባቢ «ሰርግ» በተባለ ስፍራ ጧዑን በአገሩ መግባቱን ሰሙ። ሙሃጂሮችን አማከሩ፤ ተለያዩ። አንሷሮችን አማከሩ፤ እነርሱም ተለያዩ። የቁረይሽ ሽማግሌዎች ግን እንዲመለሱ በአንድ ድምፅ መከሩ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) መመለሱ ከአላህ ውሳኔ መሸሽ እንዳይሆን ሲጠይቁ፣ ዑመር የሚሸሹት ከአላህ ውሳኔ ወደ አላህ ውሳኔ እንደሆነ መለሱ፤ ለምለምና ደረቅ ዳር ባለው ሸለቆ ግመሉን የሚያሰማራ እረኛም ምሳሌ አድርገው አቀረቡ። ሐዲሡን ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ያመጡት ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ነገር ግን ዑመር የወሰኑት በምክክርና በማመዛዘን እንደ ነበር የሚያሳየው እርሱ ነው። አቡ ዑበይዳ ከሠራዊታቸው ጋር በሻም ቆዩ፤ በዐምዋስ ጧዑንም ሞቱ። ታሪኩ ሁለቱንም ሰዎች በክብር ይዞ ያልፋል፤ አንዱን አላዋቂ፣ ሌላውን ብልህ አያደርግም።

፪. የትርጉሙ ችግር

በአማርኛ ሲነገርና ሲጻፍ «ላ ዐድዋ» አብዛኛውን ጊዜ «ተላላፊ በሽታ የለም» ተብሎ ይቀርባል። እኛ ይህን ትርጉም ጎዶሎ ሆኖ አግኝተነዋል። «ተላላፊ በሽታ» ዛሬ ከጤና ጣቢያ፣ ከክትባት ዘመቻና ከትምህርት ቤት መጽሐፍ የምናውቀው ስያሜ ነው፤ ከጀርባው ስለ ተሕዋስያን ያለን እውቀት አለ። በዚህ ቃል የተተረጎመውን ሐዲሥ የሚሰማ ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ኩፍኝና ስለ ሳንባ ነቀርሳ የሕክምና ፍርድ እንደ ሰጡ ይወስደዋል። ሐዲሡ ግን ዐድዋን የዘረዘረው ከገድ እምነቶች ተርታ ነው። የግመሉ ባለቤትም የተጠየቀው ጥያቄ የመጀመሪያውን ምንጭ የሚመለከት ነው፤ መቀላቀል ምንም ለውጥ አያመጣም የሚል መልስ አልተሰጠውም።

አማርኛ ለዚህ የተሻለ ቃል አለው። በሽታ «ተጋባበት» እንላለን። «በሽታ በራሱ ኃይል አይጋባም» የሚል ትርጉም የዐረብኛውን ሐሳብ ይቀርባል፤ አብዛኞቹ ሸራሒዎች የያዙትን መረዳትም ያሳያል። ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። አንድ ኻጢብ በመጀመሪያው ትርጉም ሲናገር አድማጩ ከክትባት ሊቀር ይችላል፤ በሁለተኛው ሲናገር ግን አድማጩ እምነቱንም ጥንቃቄውንም ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

፫. አስታራቂዎቹ

ዑለማእ ሐዲሦቹን ያስታረቁበት መንገድ አንድ አልነበረም። ኢብኑ ቁተይባ (ሞት 276 ዓ.ሂ.) የሥጋ ደዌ በሽተኛ ሽታ እየበረታ ሲሄድ ከእርሱ ጋር አብዝቶ የሚቀመጠውን ሰው ሊያሳምም እንደሚችል ጽፈዋል። ሐኪሞች ከእንዲህ ያለው በሽተኛ ጋር አለመቀመጥን የሚመክሩት በሽታው ይጋባል ብለው ሳይሆን ሽታው ይጎዳል ብለው ነው ሲሉም አስረድተዋል። እዚህ ላይ የሚካደው ገድ የመሰለው መጋባት ነው፤ ከመቀራረብ የሚመጣው ጉዳት አልተካደም።

ከእርሳቸው በኋላ ኢብኑ-ሰላሕ (ሞት 643 ዓ.ሂ.) በሐዲሥ ሳይንስ መጽሐፋቸው ነገሩን በጥርት አስቀመጡት፦ በሽታ በተፈጥሮው አይጋባም፤ አላህ ግን በሽተኛውና ጤነኛው መቀላቀላቸውን ለመታመም ሰበብ ያደርገዋል፤ ይህም ሰበብ እንደ ሌሎቹ ሰበቦች አንዳንድ ጊዜ ውጤቱን ሳያመጣ ይቀራል። ነወዊም (ሞት 676 ዓ.ሂ.) በሰሒሕ ሙስሊም ማብራሪያቸው ወደዚሁ አዘንብለው የብዙኃኑ መንገድ መሆኑን ገለጹ።

ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒ (773–852 ዓ.ሂ.) ግን ሌላ መንገድ መረጡ። በእርሳቸው ዘንድ የዐድዋ መካድ በጥቅሉ የቆመ ነው። ከሥጋ ደዌ በሽተኛ መራቅ የታዘዘው በመቀራረቡ አጋጣሚ በአላህ ውሳኔ የታመመ ሰው «ተጋባብኝ» ብሎ እምነቱን እንዳያበላሽ፣ የጥፋትን በር አስቀድሞ ለመዝጋት ነው። እንግዲህ «ዑለማእ መጋባትን ካዱ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ኢብኑ-ሰላሕንና ነወዊን ይዘነጋል፤ «ዑለማእ መጋባትን ተቀበሉ» የሚለውም ኢብኑ ሐጀርን።

፬. አንደሉስ፣ 749 ዓ.ሂ.

እ.ኤ.አ. በ1348 ጥቁሩ ሞት ሜዲትራንያንን ሲያጥለቀልቅ ክርክሩ የመጽሐፍ ጉዳይ መሆኑ ቀረ። የአልሜሪያው ሐኪምና ባለቅኔ ኢብኑ ኻቲማ ወረርሽኙ በረቢዑል አወል 749 ወደ ከተማቸው እንደ ገባ መዝግበዋል። የሟቾች ልብስና ምንጣፍ በሚሸጥበት የአሮጌ ልብስ ገበያ የሚነግዱ ሰዎች አብዛኞቹ መሞታቸውንም አስተውለዋል። ከበሽተኛው ጋር መቀራረብ የሚያስከትለውን በልምድ ካረጋገጡ በኋላ፣ በሐዲሥ የተካደው የመሃይምነቱ ዘመን እምነት ነው በማለት ነገሩን አስታረቁ። የእርሳቸው መንገድ ከኢብኑ-ሰላሕ መንገድ ብዙ አይርቅም።

የግራናዳው ቪዚር ሊሳኑዲን ኢብኑል ኸጢብ (1313–1374 እ.ኤ.አ.) ግን አነጋገራቸው የበረታ ነው። በአጭሩ ድርሳናቸው የበሽታው መጋባት በልምድ፣ በምርምር፣ በስሜት ሕዋስና በተደጋጋሚ ዜና እንደ ተረጋገጠ ያትታሉ። ልብስ፣ ዕቃና የጆሮ ጌጥ ሳይቀር በሽታውን እንደሚያሻግር፣ ጤነኛ የነበረ ወደብ ከታመመ አገር በመጣ መርከብ እንደሚታመም፣ ቤታቸውን ዘግተው የተለዩ ሰዎች ደግሞ እንደ ተረፉ በምሳሌ ያቀርባሉ። ከዚያም መርሕ ያኖራሉ፦ ከንግግር የተወሰደ ማስረጃ ስሜት ሕዋስ ከሚያረጋግጠው ጋር ከተጋጨ ንግግሩ ሊተረጎም ግድ ይላል።

«የታፈነው ሳይንቲስት» ትረካ የሚነሣው ከዚህ ነው። ኢብኑል ኸጢብ በ776 ዓ.ሂ. በፋስ እስር ቤት ታንቀው መገደላቸው፣ በዘንደቃ መከሰሳቸውም እውነት ነው። ነገር ግን ክሱ የተያያዘው ከግራናዳ ቤተ መንግሥት ሽኩቻ፣ ከቀድሞ ተማሪያቸው ከኢብኑ ዘምረክ ጠላትነትና ስለ መለኮታዊ ፍቅር ከጻፉት የተሰውፍ መጽሐፍ ጋር ነው። የወረርሽኝ ድርሳናቸው ከተጻፈ ከ20 ዓመት በላይ አልፎት ነበር። የሞታቸውን ምክንያት ከዚህ ድርሳን ጋር የሚያገናኝ ሰው የአውሮፓን የሳይንስና የቤተ ክርስቲያን ጠብ ታሪክ ወስዶ በፋስ እስር ቤት ላይ ይለጥፋል። ከዚህም በላይ መርሐቸው ራሱ እንግዳ አይደለም፤ የንግግር ማስረጃ ከእርግጠኛ እውቀት ጋር ሲጋጭ ይተረጎማል የሚለው ሐሳብ በከላም ሊቃውንት ዘንድ ቀድሞ የታወቀ ነው። የሚለዩት በይዘቱ ሳይሆን ለልምድ በሰጡት ክብደትና በፈቂሆች ላይ ባሳዩት ቁጣ ነው።

፭. ካይሮና ደማስቆ፦ ሁለቱም ዓይንን ሲጠሩ

የክርክሩ ፍሬ ያለበት ክፍል በእኛ እይታ ይህ ነው፤ በሁለቱም ትረካዎች የሚታለፈውም እርሱ ነው። የደማስቆው ቃዲ ታጁዲን አስ-ሱብኪ፣ ራሳቸው በ771 ዓ.ሂ. በጧዑን የሞቱት፣ ጉዳዩን ወደ ሐኪሞች መለሱት። እውቀት ያላቸው ሁለት ታማኝ ሙስሊም ሐኪሞች ከበሽተኛው ጋር መቀላቀል ለቀላቃዩ የጉዳት ሰበብ መሆኑን ከመሰከሩ፣ ከመቀላቀል መታቀብ የተፈቀደ ነው፤ ከመፈቀድም ሊያልፍ ይችላል አሉ። ይህ ለሸሪዓ ፍርድ ቤት የተለመደ አካሄድ ነው። ቃዲው የማያውቀውን ሙያ በባለሙያ ምስክር ያረጋግጣል።

ኢብኑ ሐጀር «በዝሉል ማዑን» በተባለው ሥራቸው ይህን ፈትዋ ይጠቅሱና ይቃወማሉ። የሚቃወሙት ግን «ሐዲሡ ይበቃናል» ብለው አይደለም። እንዲህ ያለው ምስክርነት ተቀባይነት የለውም፤ ስሜት ሕዋስ ያስተባብለዋልና ይላሉ። ጧዑን በግብፅና በሻም ስንት ጊዜ ተመላልሷል፤ ያልገባበት ቤት እምብዛም ነው፤ በሽተኛውን ሌት ተቀን የሚያስታምሙት የገዛ ቤተሰቦቹ ናቸው፤ ከእንግዳ ሰው ይልቅ እነርሱ ይቀርቡታል፤ ሆኖም ብዙዎቹ፣ እንዲያውም አብዛኞቹ፣ ይተርፋሉ። ይህን የጻፉት ከሩቅ ሆነው አልነበረም። በ819 ዓ.ሂ. ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ በ833 ደግሞ ታላቂቱን ልጃቸውን ነፍሰ ጡር ሳለች በጧዑን ቀብረዋል። አስታማሚዎች ሲተርፉ ያዩት በገዛ ቤታቸው ነው።

እንግዲህ በግራናዳ ኢብኑል ኸጢብ ዓይንን ምስክር ጠርተው መጋባትን አረጋገጡ፤ በካይሮ ኢብኑ ሐጀር ያንኑ ዓይን ጠርተው መጋባትን ካዱ። ከሁለቱ አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ ነበርን? የኋላው ምርምር መልሱን ይሰጠናል። እ.ኤ.አ. በ1894 አሌክሳንደር የርሳን በሆንግ ኮንግ የበሽታውን ባክቴሪያ ለየ፤ በ1898 ፖል-ሉዊ ሲሞን በሕንድ የአይጥ ቁንጫ አስተላላፊ መሆኑን ደረሰበት። ብብትና ብሽሽት ላይ በሚያሳብጠው ዓይነት የታመመ ሰው አስታማሚውን በቀጥታ አያሳምምም፤ በመካከል ቁንጫ ያስፈልጋል። ቁንጫውም በልብስና በምንጣፍ ተጉዞ ገበያ ይገባል፤ ከአይጥ ጋር በመርከብ ተሳፍሮም ወደብ ይደርሳል። በሽታው ሳንባ ሲገባ ደግሞ በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው ይጋባል፤ እ.ኤ.አ. ከ1910 እስከ 1911 በማንቹሪያ የታየውም ይኸው ነው።

በዚህ ሚዛን የአልሜሪያው የአሮጌ ልብስ ገበያም፣ የካይሮው አስታማሚ ቤተሰብም እውነተኛ ምልከታዎች ናቸው። ስሕተቱ የነበረው ከምልከታው ወደ አጠቃላይ ድምዳሜ በተዘለለበት ቦታ ነው፤ በዚህም ሁለቱ ወገኖች እኩል ናቸው። ኢብኑ ሐጀር የሐኪሞችን የተበላሸ አየር አስተሳሰብ ሲተቹም ተመሳሳይ ጥንካሬ ያሳያሉ። ጧዑን አየሩ ንጹሕ በሆነበት አገርና ወቅት ይመጣል፤ በአንድ ቤት አንዱን ወስዶ ሌላውን ይተዋል፤ አየር ቢሆን ኖሮ ሁሉን በነካ ነበር ይላሉ። የሰጡት መልስ በሐዲሥ ላይ የተመሠረተው የጂን ውግ ነው፤ በሐኪሞቹ መልስ ላይ ያነሡት ጥያቄ ግን በራሱ የቆመ ነው።

፮. የሰልፉ ታሪክ

የመከላከያውን ትረካ ለመመዘን አንድ ምሳሌ ይበቃል። በ833 ዓ.ሂ. በካይሮ በቀን የሚሞተው ሰው ከ40 በታች ሳለ ሕዝቡ ሦስት ቀን ጾሞ ለዱዓእ ወደ በረሃ ወጣ፤ ወር ሳይሞላ በቀን የሚሞተው ከ1,000 በላይ ሆነ። ይህን የመዘገቡት ኢብኑ ሐጀር ናቸው። በኮቪድ ወቅት ይህ ዘገባ መሰብሰብ በሽታን እንደሚያስፋፋ ያወቁበት ማስረጃ ሆኖ ሲጠቀስ ቆየ። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ዘገባው የሚቆመው በሌላ ክርክር ላይ ነው፤ ጧዑን እንዲነሣ እንደ ዝናብ ሶላት በአንድ ላይ መውጣት መሠረት የሌለው አዲስ ነገር መሆኑን ለማሳየት ነው። ይህ ተደንግጎ ቢሆን ኖሮ ቀደምቶቹ ባልተዉት ነበር ይላሉ። መጋባትን በጥቅሉ የካዱ ሊቅ በዚያው መጽሐፍ መጋባትን እንዳስተማሩ ማድረግ ለእርሳቸው ክብር አይሆንም። ቁጥሮቹ ለእኛ ጠቃሚ ናቸው፤ እንደ ታሪክ መረጃ ልንጠቀምባቸውም ይገባል። ፍቺውን ግን የእኛ ብለን ልናቀርብ እንጂ በእርሳቸው አፍ ልናኖር አይገባም።

፯. ስለ ዘመናዊዎቹ ጥናቶች

ማይክል ዶልስ እ.ኤ.አ. በ1977 ስለ ጥቁሩ ሞት በመካከለኛው ምሥራቅ ያሳተመው መጽሐፍ የመስኩ መሠረት ነው። የግብፅንና የሻምን ምንጮች አሰባስቦ የሕዝብ እልቂትንና የኢኮኖሚ ውድቀትን ማሳየቱ ትልቅ ሥራ ነው። ድክመቱ የሙስሊሙን ምላሽ በሦስት መርሖች መጠቅለሉ ላይ ነው፦ ጧዑን ለአማኝ ምሕረትና ሰማዕትነት ነው፣ ወደ እርሱ አይገባም ከእርሱም አይሸሽም፣ መጋባትም የለም። ሦስቱም በመጻሕፍት አሉ። ግን ከላይ እንዳየነው ሦስተኛው የክርክር ርእስ እንጂ የስምምነት ነጥብ አልነበረም።

ጀስቲን ስተርንስ እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ ምዕራብ ሜዲትራንያን ባወጣው ጥናት ይህን ጥቅልል ፈታው። የሙስሊምና የክርስቲያን ጽሑፎችን ጎን ለጎን አንብቦ የኢብኑል ኸጢብን ብቸኝነት ጥያቄ ላይ ጣለ፤ በእርሳቸው ዘመን የነበሩትን የግራናዳ ፈቂሆች፣ በተለይም ኢብኑ ሉብን፣ ወደ መድረኩ መለሰ። የዚህ ጥናት ወሰን በሊቃውንት ጽሑፍ ላይ መቆሙ ነው፤ የአሮጌ ልብስ ነጋዴውና የአስታማሚዋ እናት ድምፅ በሊቁ ብዕር ተጣርቶ ብቻ ይሰማል። ሆኖም ለአማርኛ አንባቢ ከሁለቱ አንዱ ይተርጎም ቢባል ምርጫችን የስተርንስ ሥራ ነው።

፰. የተዘነጋው ጥያቄ

የእውቀት ክርክሩ ስለ ሰበብ ቢሆንም ፈቂሆቹን ይበልጥ ያስጨነቃቸው ማኅበራዊው ጥያቄ ነው፦ ሁሉ ከሸሸ በሽተኛውን ማን ያጠጣዋል? አል-ገዛሊ (ሞት 505 ዓ.ሂ.) በኢሕያእ ውስጥ ከወረርሽኝ አገር መውጣት የተከለከለበትን ምክንያት ሲያስረዱ፣ ጤነኞች ከወጡ ሕመምተኞች አስታማሚ አጥተው እንደሚጠፉ ጽፈዋል። ኢብኑ ሉብም በግራናዳ ለበሽተኛው ሊደረግለት የሚገባውን ሐቅ አጥብቀው ያዙ። በዚህ ብርሃን ሲነበብ መጋባትን መካድ ከግትርነት ብቻ የመጣ አልነበረም፤ ሰዎች ፈርተው የገዛ ወገናቸውን እንዳይጥሉ የሚደረግ ጥበቃም ነበረበት። የኢብኑል ኸጢብ ወገን የጤነኛውን ነፍስ ያስባል፤ የኢብኑ ሉብ ወገን የበሽተኛውን። ሸሪዓ ሁለቱንም ነፍሶች ይጠብቃል፤ ስለዚህም ክርክሩ በአንዱ ወገን ማሸነፍ ሊያልቅ አይችልም ነበር።

ይህ ጉዳይ ለእኛ አገር ሩቅ አይደለም። ሥጋ ደዌ በኢትዮጵያ ሰውን ከመንደር፣ ከትዳርና ከገበያ ሲያስወጣ የኖረ በሽታ ነው። ከአንበሳ እንደመሸሽ ስለ መሸሽ የሚናገረው ሐዲሥ ያለ ማብራሪያ ሲነገር በእንዲህ ያለ ማኅበረሰብ ውስጥ የሚጥለው ጠባሳ ቀላል አይሆንም። ዛሬ በሽታው በጥምር መድኃኒት ይድናል፤ ሕክምና የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ማስተላለፉን ያቆማል፤ አብዛኛው ሰውም በተፈጥሮው ይቋቋመዋል። የሱብኪን መርሕ ከያዝን የባለሙያዎች ምስክርነት ተለውጧል፤ ብይኑም ከእርሱ ጋር ይለወጣል። በሐኪም ምስክር መራቅ ከተፈቀደ፣ በሐኪም ምስክር መቅረብ ግዴታ ይሆናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሥጋ ደዌ በሽተኛ ጋር እንደ በሉ የሚናገረውን ሐዲሥ ቲርሚዚ «ገሪብ» ብለውታል፤ ስለዚህ ብቻውን ማስረጃ አናደርገውም። የሱብኪ መንገድ ግን ያለ እርሱም ይቆማል።

ከዚህ ትችት ሦስት ነገሮችን እንጠይቃለን። ተርጓሚዎች «ላ ዐድዋ»ን ከሸራሒዎቹ ማብራሪያ ጋር እንዲያቀርቡት፤ ኻጢቦች አንዱን ሐዲሥ ሲጠቅሱ ተጓዳኞቹን አብረው እንዲያነሡ፤ የመድረሳና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ የሱብኪን ፈትዋና የኢብኑ ሐጀርን መልስ ጎን ለጎን እንዲያነቡ። በእነዚህ ሁለት ጽሑፎች ውስጥ ምስክር እንዴት እንደሚጠራ፣ ምስክርነትም እንዴት እንደሚመረመር ይታያል። በሚቀጥለው ወረርሽኝ በየከተማው ካሉ ሐኪሞችና ዑለማእ የሚጠበቀውም ይኸው ሥራ ነው።